የፈተናው ዕዳ በማን ስም ነው?

በቅዳሜው የደች ቋንቋ ጥናታችን ላይ አዲስ የመጡ እህቶች አብዝተው የሚጠይቁት ስለ «ደ» እና «ሄት» አይደለም። «ክፍያው ስንት ነው? ካላለፍኩስ ዕዳው የማን ነው?» ይላሉ። መልሱ እንደ መጡበት ዓመትና እንደ አመጣጣቸው ይለያያል። በ2014 የመጣችና በ2023 የመጣች እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ኢንቡርኸሪንግ ሲያወሩ የማይግባቡትም ለዚህ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው እናንሳው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሆላንድ በ1960ዎቹ ከቱርክና ከሞሮኮ ሠራተኛ ስታስመጣ ቋንቋ ተማሩ አላለችም። ሠርተው ይመለሳሉ ተብሎ ነበር የታሰበው። ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን አመጡ። ሕጉ የመጣው ገና በመስከረም 1998 ነው። ያ ሕግ አዲስ መጤ እንዲማር እንጂ እንዲያልፍ አላስገደደም፤ ትምህርቱንም የሚያዘጋጀው ማዘጋጃ ቤቱ፣ እኛ ኸሜንተ የምንለው፣ ነበር።

መጋቢት 15 ቀን 2006 ግን ፈተናው ባሕር ተሻገረ። ለትዳር የምትመጣ ሴት ገና አገሯ ሳለች ኤምባሲ ሄዳ መፈተን ግዴታዋ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስልክ ይዛ ትቀመጣለች፤ የምትመልሰውን የሚሰማውም የሚያርመውም ኮምፒውተር ነው። ለአንድ ጊዜ 350 ዩሮ ትከፍላለች፤ ከወደቀች እንደገና 350። ከሚያዝያ 2011 ጀምሮ ንባብም ተጨመረ። ፊደላችንን አቀላጥፋ የምታነብ ሴት እንኳ ላቲኑን ካልለመደች ከ«ኤ ቢ ሲ» ትጀምራለች ማለት ነው። የአሜሪካ ወይም የጃፓን ዜጋ የሆነች ሙሽራ ግን ይህ ሁሉ አይመለከታትም፤ ለምን እንደሆነ ለአንባቢ እንተወው። በሐምሌ 2015 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፈተናው ራሱ እንደማይከለከል፣ ክፍያው ግን ቤተሰብ እንዳይገናኝ የሚያደርግ መሆን እንደሌለበት ወሰነ። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋው ወደ 150 ዩሮ የወረደው።

ሆላንድ ውስጥ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ መማር ብቻ አልበቃም፣ ማለፍም ግድ ሆነ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ2013 ነው። ኸሜንተው እጁን ሰበሰበና ትምህርት ቤት መፈለጉም መክፈሉም በተማሪው ላይ ወደቀ። ዱኦ የተባለው መሥሪያ ቤት እስከ 10,000 ዩሮ ያበድራል፤ ጊዜው ሦስት ዓመት ነው፤ ላለፈበት ሰው እስከ 1,250 ዩሮ ቅጣት ነበር። ደብተሩ ለሁለት የተከፈለውም እዚህ ላይ ነው። ስደተኛ በጊዜው ካለፈ ዕዳው ይሰረዝለት ነበር። እዚህ ለሚኖር ሰው ተድራ የመጣች ሴት ግን ብታልፍም ትከፍላለች። ከመካከላችን ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች ይህን ስናየው ዝም ማለት አይሆንልንም፤ ገቢ የሌላት ሴት ትዳሯን በራሷ ስም በተመዘገበ ዕዳ ትጀምራለች፤ ለመክፈልም የባሏን እጅ ታያለች። አንዷ እህታችን ላልተማረችበት ሰዓት እንድትፈርም ተጠይቃለች። ፊርማዋ ማለት ከብድሯ ላይ ለትምህርት ቤቱ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ቋንቋውን ስላልቻለች ወረቀቱ ምን እንደሚል እንኳ አላወቀችም ነበር።

የመንግሥት ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በአዲሱ አሠራር በጊዜው የሚያልፉት ሰዎች ድርሻ ከቀድሞው መቀነሱን አሳየ። ከጥር 2022 ጀምሮ ኸሜንተው ተመለሰ፤ የሚፈለገው ደረጃም ከኤ2 ወደ ቢ1 ከፍ አለ፤ ለማይደርሱበት ሌላ መንገድ ተበጀ። (ቢ1 ላይ «ኦምዳት» ከሚለው ቃል በኋላ ግሱ መጨረሻ ላይ ሲሄድ ሌላው ሰው ይቸገራል፤ እኛ ግን አማርኛችን ስለሆነ ደስ ይለናል።) የስደተኞችን ትምህርት አሁን የሚከፍለው ኸሜንተው ነው። በትዳር የመጡት ዛሬም ከኪሳቸው ነው።

የካቲት 4 ቀን 2025 ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት የአንድ ኤርትራዊ ወጣት ጉዳይ ተመለከተ። በጊዜው ባለማለፉ 500 ዩሮ ቅጣትና የ10,000 ዩሮ ብድር መልስ ተብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ፈተናውን ማስገደድ ይቻላል፣ ወድቀሃል ብሎ ብቻ ስደተኛን መቅጣት ግን አይቻልም አለ። ሙሉ ወጪውንም ማሸከም እንዲሁ። ዜናው በጥናታችን ላይ ሲነበብ እልል ያሉ ነበሩ። ከዚያ አንዷ «እኔ በጋብቻ ነው የመጣሁት፤ እኔስ?» አለች። ውሳኔው ስለ ስደተኞች ብቻ ነው፤ እሷን አይነካም።

የፈተና ዕቁባችን የተጀመረው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። እንደ አገር ቤቱ ዕጣ አናወጣም፤ ተራው የፈተና ቀኗ ለቀረበላት ነው፤ ደጋፊዎቻችን የሚልኩትም እዚሁ ላይ ይደመራል። የሚቀጥሉት ሁለት ተራዎች ተይዘዋል።