ከግራ የሚሞላው ዜሮ፦ ከካርድ ዓምድ እስከ ዳታቤዝ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። በዳታቤዝ መጠይቅ ውስጥ ኤልፓድ እና አርፓድ የሚባሉ ሁለት ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው የጽሑፍ እሴትን በግራ፣ ሁለተኛው በቀኝ በኩል በተፈለገ ምልክት እየሞላ የታዘዘውን ርዝመት ያስይዘዋል። 417ን በ6 ቦታ በዜሮ ሙላ ቢባል 000417 ይሆናል። ተማሪዎች ዘወትር «ይህ ለምን አስፈለገ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ከኮምፒዩተር በፊት ይጀምራል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1880 ያካሄደችውን የሕዝብ ቆጠራ ለማጠናቀር ስምንት ዓመት ገደማ ፈጅቶባታል። ለ1890ው ቆጠራ ሄርማን ሆለሪት ያቀረበው መፍትሔ የእያንዳንዱን ሰው መረጃ በካርድ ላይ በቀዳዳ መመዝገብ ነበር። ማሽኑ ፊደል አያነብም፤ የሚያውቀው ቀዳዳው የት እንዳለ ብቻ ነው። ትርጉም የሚሰጠው እንግዲህ ሥፍራው ሆነ። የሆለሪት ኩባንያ ከሌሎች ጋር ከተዋሐደ በኋላ በ1924 አይቢኤም ተባለ፤ በ1928 ደግሞ 80 ዓምድ ያለው ካርድ ወጣ። ከዓምዶቹ የመጀመሪያዎቹ 6 ለመለያ ቁጥር፣ ቀጣዮቹ 20 ለስም ተመደቡ እንበል። ቁጥሩ ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ወደ ቀኝ ተጠግቶ በግራው በኩል ዜሮ ይገባል። ወደ ግራ ቢጠጋና ባዶው ዓምድ እንደ ዜሮ ቢቆጠር 417 የነበረው 417 ሺሕ ይሆናልና።

ሌላም ምክንያት ነበረ፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ካርድ የሚለየው ማሽን በአንድ ጊዜ አንድ ዓምድ ብቻ ይለያል። ሠራተኛው ከቀኝ ጫፍ ካለው የአንድ ቤት ይጀምርና ወደ አሥር ቤት፣ ወደ መቶ ቤት እያለ ካርዶቹን ደጋግሞ ያሳልፋል። የአንድ ቤቱ በሁሉም ካርድ ላይ በአንድ ዓምድ ካልዋለ ተራው ይፋለሳል። ዛሬም በጽሑፍ ዓምድ የተያዙ ቁጥሮች ሲደረደሩ 10 ከ9 ቀድሞ የሚመጣው ከዚሁ የተለየ ምክንያት ስላለው አይደለም።

በ1959 የተጠነሰሰው ኮቦል የካርዱን ልማድ ወደ ቋንቋ ሕግነት አሸጋገረው፤ ቁጥር ወደ ቀኝ ተጠግቶ በዜሮ፣ ፊደል ወደ ግራ ተጠግቶ በባዶ ቦታ ይሞላል። ኤስኪውኤልም ቻር የሚለውን ቋሚ ወርድ ያለው ዓይነት ያዘ። አስገራሚው ግን ኤልፓድ እና አርፓድ በኦራክል፣ በማይኤስኪውኤል፣ በፖስትግሬስ ለዘመናት ሲሠራባቸው ቆይተው በዓለም አቀፉ የቋንቋው መስፈርት ውስጥ የገቡት በ2023 መሆኑ ነው።

ወደ ጉዳቱ ልምጣ። የቦስተን የፖስታ ኮድ በ02 ይጀምራል። ኮዱን እንደ ቁጥር የመዘገበ ሰው ዜሮውን ያጣል፤ ይሁንና የአሜሪካ ኮድ ሁልጊዜ 5 አኃዝ ስለሆነ ኤልፓድ ይመልሰዋል። ርዝመታቸው የማይመሳሰል መለያዎች ሲሆኑስ? 07 እና 007 የሁለት ሰዎች መለያ ቢሆኑ፣ ሁለቱም በቁጥር ዓምድ 7 ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው የማን እንደነበረ የሚናገር ተግባር የለም። ሁለተኛው አደጋ የበለጠ የተደበቀ ነው። ኤልፓድ ይሞላል ብቻ ሳይሆን ይቆርጣልም፤ 12345ን በ3 ቦታ ሙላ ቢሉት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 123 ይሰጣል። 12388ም እንዲሁ 123 ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ መጠይቁ ግን ያለ ስሕተት ተፈጽሟል። ስለዚህ ለዕይታ መሙላትን እደግፋለሁ፤ መዛግብትን ለማዛመድ ግን ርዝመቱን አስቀድሞ ሳይመረምር የሚሞላን ሰው ሥራ አላምንም።

በእኛ ፊደል ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ፲ እና ፻ ራሳቸውን የቻሉ ምልክቶች ናቸው፤ ዋጋቸው ከዓምድ አይመነጭም። ስለዚህ ፻፲ን ከግራ የሚሞላበት ዜሮ የለም። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «አበበ» 9 ባይት ነው፤ «ተስፋዬ» 12። ወርዱ በባይት ተለክቶ 10 በተባለ ዓምድ ውስጥ አበበ ይገባል፤ ከጎኑም አንድ ባዶ ቦታ ይሞላለታል። ተስፋዬ አይገባም። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ የ10 ፊደል ስሞች ሁሉ ግን ይገባሉ። ወርዱን የወሰነው ሰው አንድ ፊደል ሁልጊዜ አንድ ዓምድ፣ አንድ ባይት ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ ይህም የ1928ቱ ካርድ አስተሳሰብ ነው።