የታረደ መኪና ፈርሱ የት ይጣላል?

ሥራው በባለሙያዎቹ አፍ «ማረድ» ይባላል። ተጋጭቶ ወይም አርጅቶ የመጠገኛው ዋጋ ከራሱ ዋጋ የበለጠ መኪና ለአራጆች ይሸጣል። እነሱም እንደ ቅርጫ በሬ ብልቱን ያወጡለታል። ሞተሩ ለብቻ፣ ካምቢዮው ለብቻ፣ ኮፋኖው፣ በሮቹ፣ ቸርኬው፣ ፓራውልቱ ለየብቻ ይነሣል። የሚሠራው ክፍል ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወይም በቀጥታ ወደ ፈላጊው ጋራዥ ይሄዳል፤ የማይሠራው ላሜራ ለማቅለጫ ይመዘናል። ከበሬ ቆዳው እንኳ እንደማይጣል ሁሉ ከመኪናም ብረት አይጣልም። ይህን የቁጠባ ሙያ የማያከብር ሰው ከተማዋ በምን እንደምትንቀሳቀስ አያውቅም።

በሬው ግን ፈርስ አለው፤ መኪናም አለው። ከአንድ የቤት መኪና ሞተር አራት አምስት ሊትር ዘይት ይወርዳል። የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ፣ የባትሪ አሲድ፣ በሳልባታዮው ሥር የቀረ ነዳጅ ይከተላል። ቅርጫው ላይ ይህን የሚካፈል የለም። መሬቱ ይጠጣዋል፣ የቀረውን ዝናብ ይወስደዋል።

ዝናቡ ወዴት እንደሚወስደው ለማወቅ ጉለሌ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ይበቃል። ጉለሌ የአዲስ አበባ አናት ነው። ከእንጦጦ ተዳፋት የሚነሡት ወንዞች ሰፈሮቹን እያቋረጡ ወደ መሃል ከተማ ይወርዳሉ፤ መጨረሻቸው አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ ነው። በመንገዳቸው የአትክልት መደብ ያጠጣሉ። በታችኛው የከተማዋ ክፍል በወንዝ ውኃ በሚበቅሉ ጎመንና ሰላጣ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ከባድ ብረታ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። ያ ሁሉ ከመኪና አራጆች የመጣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቀለሙ፣ የየቤቱ ፍሳሽ የበዛውን ድርሻ ይዟል። ይሁንና አናት ላይ የፈሰሰ ነገር ሁሉንም ሰፈር አልፎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የጉለሌ ጠብታ ከሌላው ጠብታ ይከብዳል።

ጉለሌ ብረትን ዳግም ለሥራ ማብቃት ከመኪና የተማረችው አይደለም። ከተማዋ ስትቆረቆር ከሸክላ ሠሪዎች ጋር ቀጨኔ ላይ የሰፈሩት ቀጥቃጮች አሮጌ ብረትን በወናፍ አግለው ማረሻ፣ ማጭድና ቢላ ሲያወጡ ኖረዋል። እንጀራቸውን የሰጣቸው ሕዝብ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ሰደባቸው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ባለ እጅን የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ እንዲቆጠር። በዚያው ዓመት አካባቢ ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያውን መኪና አዲስ አበባ አስገባ። አዋጁና መኪናው በአንድ ሰሞን መምጣታቸው ግጥምጥሞሽ ነው። እኔ ግን ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም፤ ቆይቶ ያንን መኪና የሚያርደው የቀጥቃጩ የሙያ ወራሽ ነበርና። መኪና ሲሞት ባሌስትራው ወደ ወናፍ ተመልሶ ማረሻና ቢላ ሆነ።

ሙያውን ያሰፋው የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. መንገድ ተጠረገ፣ ካሚዮን በዛ። ወራሪው ሲባረር የተሰባበረው መኪናና ቃላቱ ቀሩልን። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ማርቴሎ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ግራሶ፣ ላቫጆ፣ መካኒኩ የሚለብሰው ቱታ ሳይቀር ከዚያ የመጡ ናቸው። ከሞተር ለሚወርደው ጥቁር ዘይት ግን ያወጣንለት ስም የራሳችን ነው፦ «የተቃጠለ ዘይት»። ይህ ስም ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የተቃጠለ ነገር አልቋል፣ አመድ ሆኗል ብለን እናስባለን። ዘይቱ ግን አላለቀም። ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና እርሳስ ተሸክሟል፣ ከውኃ ጋር አይዋሃድም፣ አንድ ሊትሩ እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውኃ ለመበከል እንደሚበቃ ይነገራል።

የደርግ ዘመን እጥረቱን ሙያ አደረገው። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገባበት ጊዜ የሞተ ላዳ ለቆመ ላዳ ሕይወት ነበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ታክሲዎች አሥርት ዓመታትን የተሻገሩት ከሦስት የቆሙ መኪኖች አንድ በሚያስነሡ እጆች ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያገለገለ መኪና በገፍ ገባ፣ አራጁም በዛ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ሲወጣ ወጣቱ እየተደራጀ ሼድ ጠየቀ፤ ሼድ ያላገኘው ክፍት ቦታ ባገኘበት፣ ብዙ ጊዜም በወንዝ ዳር፣ ሸራ ወጠረ። ከጎጃም የሚመጣው አብዛኛው መኪና ሱሉልታን አልፎ በአዲሱ ገበያ በኩል ስለሚገባ፣ በዚያ መስመር ለጋራዥና ለአራጅ ሥራ ጠፍቶ አያውቅም።

ሕጉ ከሙያው በኋላ ደረሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አደረገ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ከለከለ፣ ተቆጣጣሪዎችን ሾመ፣ ማንም ሰው «አንተን ምን አገባህ?» ሳይባል ስለ ብክለት አቤት እንዲል ፈቀደ። ብክለትን ለሚከላከል አዲስ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ መሆንንም አስገብቷል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090 ወጣ። እነዚህን ሳነብ ሐሳባቸው ጥሩ ነው እላለሁ፤ ዓይናቸው ግን የጭስ ማውጫ ያለውን ፋብሪካ ነው የሚያየው። ከቀረጥ ነፃ መሣሪያ የሚያስመጣው ባለ ፋብሪካ ነው። ሸራ ወጥረው፣ አንድ ክሪክና አንድ መዶሻ ይዘው የሚሠሩ አራት ሰዎች ከዚህ አንቀጽ ምን ይጠቀማሉ?

ቁጥጥሩም እነሱ ዘንድ ሲደርስ በዘመቻ ነው የሚደርሰው። ይመጣል፣ ይቀጣል፣ ያሽጋል። ግቢ ሲታሸግ መኪናው ሳይታረድ አይቀርም፤ ሥራው ሰፈር ይቀይራል፣ ዘይቱ ሌላ ወንዝ ያገኛል። «አትድፋ» የተባለው ሰው «እሺ፣ የት ላድርሰው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ካላገኘ ክልከላው ሌሊት እንዲደፋ ያስተምረዋል እንጂ ሌላ አያስተምረውም።

ከዚህ የሚብሰው የቦታ ነገር ነው። ዘይት ወደ መሬት እንዳይሰርግ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር የሲሚንቶ ወለል፣ ዳር ዳሩን ቦይ፣ በላዩ ቆርቆሮ ነው። ቦታው በሚቀጥለው ዓመት የእሱ ስለመሆኑ ያላመነ ሰው ሊሾ አያስደርግም። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን የወንዝ ዳርቻ ልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ስትጀምር፣ ቆይቶም የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ፣ ወንዙን የማጽዳቱን ዓላማ እኔም ደግፌዋለሁ። ግን ከወንዝ ዳር የሚነሣው አራጅ የሚሄድበት ወለል ያለው ቦታ አብሮ ካልተዘጋጀለት ብክለቱ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይቀንስም።

አደጋው ደግሞ ከወንዙ በፊት ሰውየውን ያገኘዋል። በ2004 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በጅማ ከተማ የጋራዥ ሠራተኞችን ደም መርምሮ፣ በደማቸው ያለው እርሳስ ጋራዥ ከማይሠሩት ወደ እጥፍ የተጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። እርሳስ በእጅ ወደ አፍ፣ በቱታ ወደ ቤት ይገባል፤ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ባትሪ ፈትቶ አሲዱን ደፍቶ እርሳሱን የሚመዝን ልጅ ይህን የነገረው ሰው ኖሮ ያውቃል? ቱታህን እዚሁ አውልቅ፣ ሳትታጠብ እንጀራ አትንካ ማለት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌሎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ያረጀ መኪና ከመፈታቱ በፊት ፈሳሹና ባትሪው እንዲወጣለት ደነገገ፤ ወጪውንም በአብዛኛው በአምራቹ ላይ ጣለ። ለእኛ የሚቀርበው ግን የአሜሪካ ትንንሽ ግዛቶች ልምድ ይመስለኛል። ማሳቹሴትስ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለላውንደሪዎች፣ ለፎቶ ቤቶችና ለማተሚያ ቤቶች ሕጉን በቀላል ቋንቋ በአንድ መጽሐፍ ጽፋ ሰጠች። ባለቤቱ ራሱን በጥያቄ ዝርዝር መርምሮ፣ ያላሟላውን መቼ እንደሚያሟላ ጽፎ ይፈርማል። ተቆጣጣሪው ሁሉንም ቤት አያንኳኳም፤ በዋናነት በዕጣ የወጡትን ያያል። ሮድ አይላንድ ይህንኑ ወደ ላሜራ ሠሪዎችና ቀለም ቀቢዎች፣ ቀጥላም ወደ መኪና አራጆች ወሰደችው። የገረመኝ ብልሃቱ ሳይሆን አክብሮቱ ነው፤ ትንሹ ሠራተኛ ማንበብና ቃሉን መጠበቅ ይችላል ብሎ መነሣቱ።

ጉለሌ ላይ ይህ ራስን የመመርመር አሠራር ባለ ሁለት ገጽ የአማርኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል። መኪናው መዶሻ ሳይነካው ዘይቱ ወርዷል ወይ? ባትሪው ሳይገለበጥ ከነአሲዱ ጣሪያ ሥር ተቀምጧል? የፈሰሰውን የሚመጥ ሰጋቱራ አለ? በርሜሉ ክዳን አለው? አምስት ስድስት ግቢዎች ዕቁብ እንደሚጥሉት አዋጥተው አንድ በርሜል ቢያቆሙ፣ ወረዳው በወር አንድ ጊዜ የሚያነሣ መኪና ቢልክ፣ ከዓመት በላይ የሚቆይ የቦታ ውል ለፈረመና ላሟላ ቢሰጥ፣ ሊሾውን ራሳቸው ያስደርጉታል ብዬ አምናለሁ። የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ የሌለው ነገር አይደለም። ዛሬም ምስጥ እንዳይበላው እንጨት ይቀባበታል፤ በሌላው ዓለም የሲሚንቶ ምድጃዎች በከፍተኛ ሙቀት ለነዳጅነት ያነዱታል። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉት አሮጌዎች ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፣ መለዋወጫቸው ይወደዳል፣ አራጁም ይበልጥ ይፈለጋል። ከነሱ ጎን በየመንገዱ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ከእነሱም የሚጋጭ ይኖራል። በወለላቸው ሥር የተዘረጋው ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዟል፤ በመዶሻ ቢመታ ሰው ሊገድል ይችላል፣ ቢቀጣጠል በቀላሉ አይጠፋም። ያ መኪና የሚሄደው እዚያው ግቢ ነው፣ የሚፈታውም ያው ካቻቪቴ የያዘ ልጅ ነው። ወረቀቱ ከመኪናው በፊት እጁ ሊገባ ይገባል።