በወፍ ስም የተሸሸገው ደዌ

በአገራችን ልማድ የሰው የዓይኑ ነጭ ብጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቍሮ፣ ጕልበቱም የደከመ እንደ ሆነ የወፍ በሽታ ያዘው ይባላል። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ሰው ይህ ሕማም ያገኘዋል ብለው የሚያምኑ ዛሬም በገጠርም በከተማም አይጠፉም። ሐኪሞች ግን የዓይን ብጫ መሆን ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም ይላሉ፤ ይኸውም ጉበት ሲታመም፣ ወይም ደም በብዛት ሲፈርስ፣ ወይም የሐሞት መንገድ ሲዘጋ በሰውነት ውስጥ የሚቀር ቀለም ነው። በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ ኅብር እንለዋለን፤ ወፍ የሚለው ስም ግን አምስትና ስድስት ደዌ ተሸክሞ ይኖራል። ዛሬ ልናወሳው የወደድነው ከእነዚህ ደዌዎች ክፉው፣ እርሱም በምዕራብ ድንበራችን በአሶሳ ማዶ የታየው፣ ኋላም በኦሞ ወንዝ ዳር ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው ብጫ ወባ የሚባለው ነው። መዛግብቱ የተጻፉት በኤውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው እንጽፋለን።

አስቀድሞ ስሙ ራሱ እንደሚያሳስት ማወቅ ይገባል። ብጫ ወባ ወባ አይደለም። ወባ በሌሊት የምትነድፍ ትንኝ ወደ ደም የምታስገባው ተሐዋሲ ሲሆን፣ ብጫ ወባ ግን ከዚያ እጅግ የረቀቀ፣ ቫይረስ የተባለ ነገር ነው፤ የምታጋባውም በቀን የምትነድፍ ሌላ ትንኝ ናት። ኪኒንም ሆነ ሌላ የወባ መድኃኒት ለርሱ ምንም አይረዳም። እንግዲህ በአንድ ወገን ወፍ፣ በሌላ ወገን ወባ የሚሉ ሁለት የታወቁ ስሞች ስለ ነበሩ፣ ይህ ሦስተኛው ደዌ በሁለቱ ጥላ ሥር ተሸሽጎ ለመኖር ተመቸው።

ኩርሙክ ከአሶሳ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሱዳን ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በ1902 የተዋዋሉት የወሰን ውል የበርታን ሕዝብ ከሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በኢትዮጵያ፣ ሌላውን በሱዳን አስቀረው። ሕዝቡ ግን ዘመዱን መጠየቁን፣ ገበያ መሻገሩን፣ በወንዝ ዳር ወርቅ ማጠቡን አልተወም። ድንበሩ ለመዝገብ እንጂ ለትንኝ የተሠራ አይደለምና በአንዱ ወገን የተነሣ በሽታ ለሌላው ወገን የቅርብ ሥጋት ነው።

በዚህ ድንበር ማዶ ብጫ ወባ እንዳለ አስቀድሞ የተናገረው በሽተኛ ሳይሆን የጤነኞች ደም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1930 አካባቢ ሐኪሞች አይጥ በብጫ ወባ እንደምትሞት ባወቁ ጊዜ አንድ ፈተና አበጁ፤ ከሰው ደም ያጣሩትን ውሃ ከቫይረሱ ጋራ ቀላቅለው አይጧን ይወጓታል። አይጧ ከዳነች ያ ሰው ከዚህ በፊት በዚሁ በሽታ ታሞ የዳነ ነው፤ ሰውዬው መታመሙን ባያስታውስ እንኳ ደሙ ያስታውሳል። በዚህ መንገድ በሱዳን የብዙ አውራጃ ሰዎች ደም ሲመረመር፣ አንድ እንኳ የብጫ ወባ በሽተኛ ታይቶባቸው በማይታወቁ በኑባ ተራሮችና በደቡብ አገር ምስክሩ ተገኘ። የተጠረጠረውም አልቀረም፤ በ1940 በኑባ ተራሮች ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ15 ሺህ የሚበልጥ ሰው ታመመ፤ 1,600 የሚያህል ሞተ።

ከዚያ በኋላ በ1959 ደዌው ወደ ምሥራቅ ቀርቦ በኩርሙክ በኩልና በላይኛው የዓባይ አውራጃ ታየ። ይህንንም የሱዳን ሐኪሞች መሐመድ ሐመድ ሳቲና መንሱር ዐሊ ሐሲብ በ1966 ጽፈውታል። የተመዘገቡት ሕሙማን 120 ሲሆኑ ከእነርሱ 88ቱ ሞቱ። አስተዋይ አንባቢ ይህን ቍጥር ከኑባው ጋራ ሲያስተያይ መደነቁ አይቀርም፤ በዚያ ከዐሥር አንዱ፣ በዚህ ከዐሥር ሰባቱ ሞቱ ማለት ነውና። እኔ እንደሚመስለኝ በሽታው በአንድ ጊዜ ሰባት እጥፍ ስለ ከፋ አይደለም። ብጫ ወባ ከያዛቸው የሚበዙት ጥቂት ቀን አተኵሷቸው፣ ራሳቸውን አሟቸው የሚተዋቸው ናቸው፤ ዓይናቸውም ብጫ አይሆንም። ሐኪም ዘግይቶ በደረሰበት ጠረፍ የሚቈጠረው ደም የተፋውና ለሞት የደረሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የኩርሙክ ቍጥር የሚነግረን የበሽታውን ክፋት ያህል የመንገዱን ርቀት ነው።

በሽታውን ለይቶ ማወቅ ስለ ምን ጭንቅ እንደ ሆነ ጥቂት እናስረዳ። ሕማሙ በድንገት በብርቱ ትኵሳት፣ በራስና በወገብ ሕመም ይጀምራል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትኵሳቱ ይበርዳል፤ በሽተኛውም ዳንሁ ብሎ ይነሣል፤ ቤተ ዘመድም ደስ ይለዋል። ከጥቂቶቹ ላይ ግን ከአንድ ቀን በኋላ ይመለስና ዓይን ብጫ ይሆናል፣ ከድድና ከአፍንጫ ደም ይፈሳል፣ ትውከቱ እንደ ቡና አተላ ይጠቍራል፣ ሽንት ይጐድላል። ልምድ ያለው ሐኪም አንድ ነገር ያስተውላል፤ ትኵሳት ሲጨምር የልብ ትርታ መፍጠን ሲገባው በዚህ በሽታ ግን ይዘገያል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ተደምሮ እንኳ እርግጠኛ ማስረጃ አይሆንም። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ዓይንን ብጫ ያደርጋል፣ ደምም ያፈሳል፣ ሄዶም ይመለሳል። ጽኑ ወባ ሽንትን ያጠቍራል። በአይጥ ሽንት ከተበከለ ውሃ የሚገኝ ሌላ በሽታ ደግሞ ጉበትንና ኵላሊትን አንድ ላይ ይመታል።

በዚህ የመጨረሻው የተሳሳተው ተራ ሐኪም አይደለም። ጃፓናዊው ሊቅ ሂዴዮ ኖጉቺ በ1918 ወደ ኤኳዶር ሄዶ በጓያኪል ከተማ ከሕሙማን ደም አንድ ተሐዋሲ አገኘና የብጫ ወባ ምክንያት ይህ ነው ብሎ ለዓለም አወጀ። ያገኘው ግን የዚያን የአይጥ ሽንት በሽታ ተሐዋሲ ነበር፤ ሁለቱ በሽታዎች በመልክ ስለ ተመሳሰሉ አንዱን በሌላው ቦታ አስቀመጠ። በ1927 ሌሎች ሐኪሞች በምዕራብ አፍሪካ እውነተኛውን ቫይረስ ካንድ ሕመምተኛ ደም ወደ ዝንጀሮ አሳልፈው ባገኙ ጊዜ፣ ኖጉቺ ነገሩን ራሱ ሊመረምር ወደ አክራ ወረደ፤ በ1928 በዚያው በብጫ ወባ ሞተ።

በዚያ ዘመን እርግጡን የሚናገረው የሞተው ሰው ጉበት ነበር። ከሬሳው ጣት የምታህል የጉበት ቍራጭ ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ስትታይ የደዌው ማኅተም ይገኝባታል። ሬሳ ሳያድር መቅበር ልማድ በሆነበት በእኛ አገር፣ ክርስቲያንም ሆነ እስላም የዘመዱ ገላ በስለት ይነካ ብሎ መፍቀድ ቀላል ነገር አይደለም። ሕዝቡን በአላዋቂነት መክሰስ አይገባም፤ ለሙት ክብር መስጠት ከጥንት የተማረው ነው። ይሁን እንጂ ያች ቍራጭ ስትቀር የመንደሩ ሁሉ ሞት ወፍ ተብሎ ይቀበራል።

ኩርሙክ ላይ በታየ በዓመቱ፣ ከ1960 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1962 ድረስ፣ ብጫ ወባ በኦሞ ወንዝ ተፋሰስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወረደ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በሚኖርበት አገር 100,000 ሰው እንደ ታመመና 30,000 እንደ ሞተ ተገመተ። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የብጫ ወባ ወረርሽኞች ይህን የሚያህል የለም። አዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሐኪም ሴሪዬና ባልንጀሮቹ በዚያ አገር ተመላልሰው ያገኙትን በ1968 በፈረንሳይኛ አሳተሙ። የኩርሙኩ ታሪክ በእንግሊዝኛ፣ የኦሞው በፈረንሳይኛ ስለ ተጻፈ፣ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው የነገሩን እኵሌታ ብቻ ያውቃል።

ከዚያ ምርመራ እጅግ የሚያስደንቀው የእንሰት ነገር ነው። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚገናኝበት ብብት የዝናም ውሃ ይቋጠራል፤ በሽታውን የምታጋባ አንዲት ትንኝም በዚያ ትፈለፈላለች። የጎደሬም ቅጠል እንደዚሁ ውሃ ይይዛል። በጫካ ያለች ሌላ ትንኝ ደዌውን ከዝንጀሮ ወደ ዝንጀሮ ታዞረዋለች፤ ከጫካው ዳር ሲወጣ ግን በየቤቱ ጓሮ የተተከለው እንሰት ይቀበለዋል። ሕዝቡን ከራብ የሚያድነው ተክል ለሞቱ ማደሪያ መሆኑን ማን ይጠረጥራል? በኑባ ተራሮች ግን እንሰት የለም፤ በዚያ የተጠረጠረችው በዓለት ጕድጓድ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ትንኝ ናት። ስለዚህ በአንዱ አገር የተገኘውን ምክንያት ለሌላው አገር እንዲሁ ማልበስ አይቻልም።

ስለ ሕክምናው የሚነገረው ጥቂት ነው። ለብጫ ወባ የተለየ ፈዋሽ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም፤ በሽተኛውን ውሃ ማጠጣት፣ ደም የሚያቀጥን እንደ አስፕሪን ያለ ኪኒን መከልከል፣ ኵላሊቱን መጠበቅ ነው። መከላከያው ግን አለ፤ ማክስ ታይለር በ1937 ያወጣው ክትባት አንድ ጊዜ ከተወጉት ዕድሜ ልክ ይጠብቃል፤ ታይለርም ስለዚህ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በአገር ቤት ለወፍ በሽታ ሥር ቀጥቅጦ ማጠጣትና ክንድን መተኰስ የቈየ ልማድ ነው። ባለመድኃኒቱ ብዙ ሰው አዳንሁ ሲል አይዋሽም፤ ከጉበት በሽታ ብዙው በራሱ የሚድን ነውና፣ የዳነው ሁሉ የሥሩ ምስክር ሆኖ ይቈጠርለታል። የሚያሠጋው ቀድሞ በቈሰለ ጉበት ላይ የሚጨመረው መራራ ሥር ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ በ2005 በኑባ ተራሮች አገር ዳግመኛ ተነሣ፤ በኢትዮጵያም በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ታየ። የደቡብ ኦሞው በሽታ እርግጥ የሆነው ደሙ ተጭኖ ሴኔጋል ዳካር ወዳለው የፓስተር ኢንስቲትዩት ከደረሰ በኋላ ነው። አሁን የጉበት ቍራጭ አይጠየቅም፤ ነገር ግን የደሙም ፈተና የራሱ ኅብር አለው፤ ዴንጌ የተባለው ትኵሳትና ሌሎችም የቫይረሱ ዘመዶች መልሱን ሊያምታቱ ስለሚችሉ እየደጋገሙ መለየት ግድ ነው።

በአሶሳ በኩል ደግሞ ሌላ ችግር ታክሏል። በ2011 በሱዳን የጥቍር ዓባይ አውራጃ ጦርነት ሲነሣ ከፊሉ ሕዝብ ወደ አሶሳ ዙሪያ፣ ከፊሉም በደቡብ ሱዳን ወደ ማባን ተሰደደ። በማባን ሰፈሮች በ2012 እና በ2013 ብዙ ሺህ ሰው ዓይኑ ብጫ ሆነ፤ ተመርምሮ ሲታይ ብጫ ወባ ሳይሆን ከተበከለ ውሃ የሚገኝ ሄፓታይተስ ኢ የተባለ የጉበት በሽታ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ነፍሰ ጡሮችን ይገድላል። ለአንዱ ክትባትና ትንኝ መከላከል፣ ለሌላው ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከኩርሙክ መንገድ የመጣ ዓይኑ ብጫ የሆነ ሰው በአሶሳ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ፣ ሐኪሙ ትኵሳቱ ስንት ቀን እንደ ሆነው፣ በርዶ እንደ ተመለሰ፣ ከየት ውሃ እንደ ጠጣ፣ በጫካ ዝንጀሮ ሞቶ አይቶ እንደ ሆነ፣ ምን ሥር እንደ ጠጣ ይጠይቀዋል፤ ትርታውንም ይይዛል፤ ደሙንም ቀድቶ በበረዶ ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ይልካል።