ተናባቢ ሰነድ

«ፋይሉ ተኳኋኝ አይደለም» የሚል መልእክት በኮምፒውተርና በስልክ ላይ እየተለመደ መጥቷል። ያሳዝናል። ቃሉ ምላስ ያስራል፤ አጻጻፉም አልረጋም፤ አንዱ ተኳኋኝ ሲል ሌላው ተኳሃኝ ይላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምን እንደተበላሸ ለአንባቢው አለመንገሩ ነው።

ነገሩን የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። በወርድ የተጻፈ ደብዳቤ ሊኑክስ ላይ በሊብሬኦፊስ ሲከፈት ሠንጠረዡ ይዛነፋል፤ በአንድ ገጽ ያለቀው ወደ ሁለተኛው ይፈሳል። ሁለቱ የየራሳቸው የፋይል ዓይነት አላቸው፤ የሊብሬኦፊሱ በ2006፣ የወርዱ በ2008 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነው ጸድቀዋል። ፎንትም አለበት፤ ደብዳቤው የተጻፈበት ኒያላ ተቀባዩ ዘንድ ከሌለ፣ ስፋቱ የተለየ ፎንት ይተካዋል።

የአማርኛ ጸሐፊ ከዚህም የባሰ አይቷል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ የሚያስቀምጡት እያንዳንዳቸው በራሳቸው አደራደር ነበር። በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ የሌለው ሰው ሲከፍተው የሚያየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው።

ታዲያ በተኳኋኝ ፈንታ ምን እንበል? ተስማሚነት መልካም ቃል ነው፤ ሥሩ ሰማ ስለሆነ መደማመጥ አለበት። ግን ልብሱም፣ አየሩም፣ ሰዓቱም ተስማሚ ይባላል፤ በጣም ሰፍቷል። ተጣጣሚ ልክ መግጠምን እንጂ መረዳትን አያሳይም። ተግባቢ ደግሞ የሰው ጠባይ ሆኖ ቀርቷል።

እኔ ተናባቢነት እላለሁ። በግዕዝ ነበበ ተናገረ፣ አንበበ ደግሞ አነበበ ማለት ነው፤ አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው ሳያዛባ ማንበቡ ከዚህ በላይ በምን ይገለጻል? የሰዋስው መምህራንም ቃሉን ያውቁታል። ቤተ መንግሥት ስንል ቤት መድረሻ ፊደሉን ከ«ት» ወደ «ተ» ለውጦ ከተከታዩ ጋር ይናበባል፤ ቤትነቱን ግን አይለቅም። በየመሥሪያ ቤቱም «ተናበን እንሥራ» ይባላል፤ ስለዚህ ቃሉ ለማንም ባዕድ አይሆንም።

ደግሞ እንደ ልብ ይረባል። «ሁለቱ ፕሮግራሞች አይናበቡም»፣ «ከአሮጌው ጋር እንዲናበብ አድርገህ አስቀምጠው» ብንል ጸሐፊዋም የኮምፒውተር ባለሙያውም ወዲያው ይገባቸዋል። «አይኳኋንም» የሚል ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ለገመድና ለመሰኪያ፣ ንባብ ለሌለበት ሁሉ፣ ተስማሚ ይበቃል።