መስኮቱ አጠገብ የቆመው ወጣት

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ።

ነገሩ የሆነው ጋርላንድ ነው፤ ከዳላስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ የአገራችን ሰው ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ ወልዶ በሚኖርባት ከተማ። አንድ አባት አረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ ሴት ልጃቸው ዕቃቸውን ስታስተካክል ከዳዊታቸው መሐል አንዲት ፎቶግራፍ ወደቀች። ጎፈሬው የተንዠረገገ ቀጭን ወጣት ትልቅ መስኮት አጠገብ ቆሟል። ኮቱ ሰፍቶታል፤ እጅጌው ጣቶቹን ሊውጥ ደርሷል። ነጭ የፕላስቲክ ቦርሳ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ከመስኮቱ ማዶ አውሮፕላን ይታያል። ልጅቱ ፎቶዋን ገለበጠቻት። ወረቀቱ የኮዳክ መሆኑን የሚናገር ደብዛዛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ስም የለ፣ ቀን የለ፣ አገር የለ።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። እናቷ «ሮም ነው» አሉ። «ከካርቱም ተነሥተን ሮም ላይ አውሮፕላን ቀየርን ብሎኛል።» አጎቷ ደግሞ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ብዙ ዘመን በዳላስ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ «የለም እትዬ፣ ይኼማ ኒው ዮርክ ነው። ያኔ ወንድሜ አሜሪካ የገባው በኒው ዮርክ ነው» አሉ። ሁለቱም የሰሙትን ነው የተናገሩት። የሚጠየቁት ሰው ግን አርፈዋል።

ልጅቱ ምን አደረገች? ቁራጭ ወረቀት አንሥታ የአባቷን ምስል ሸፈነችው። እናቷ ደነገጡ።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«እማዬ፣ አባዬን ካየን ቦታውን አናይም።»

ልብ በሉ፤ የሥራው መጀመሪያ ይህ ነው። ፎቶ የሚነሣ ሰው ፊቱን ያሳምራል፣ ኮቱን ይስባል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ከኋላው ያለውን ግን ማንም አላሰናዳውም። ስለ ቦታው የሚመሰክረውም እሱ ነው።

መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያዙ። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በአንድ የሸክላ ቀለም የተቀባ ነው። በጎኑ ላይ ከተጻፈው ስም የመጨረሻዎቹ ፊደላት ብቻ ይታያሉ። አጎትዬው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «ብራኒፍ!» አሉ። ብራኒፍ ኢንተርናሽናል ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳላስ የነበረ አየር መንገድ ነው። ከ1965 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) አውሮፕላኖቹን ሙሉ በሙሉ በደማቅ ቀለማት ይቀባ ነበር፤ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። ኮንኮርድን ተከራይቶ በዳላስና በዋሽንግተን መካከል ያበረረም እሱ ነው። ታዲያ ይህ ብቻውን አያደርስም። የብራኒፍ አውሮፕላን የማይቆምበት የአሜሪካ ትልቅ ከተማ ጥቂት ነበር። ኒው ዮርክም ይበራል። አጎትዬው ፈገግ አሉ፤ ያሸነፉ መሰላቸው።

ልጅቱ ዓይኗን ወደ ሕንፃው መለሰች። በፎቶዋ ጠርዝ በኩል የሕንፃው ግድግዳ ሲርቅ ይታያል፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ይታጠፋል። እዚህ ላይ ኒው ዮርክ ወደ ኋላ ቀረ፤ ዳላስ መጣ። ዲኤፍደብሊው የሚባለውን የዳላስና የፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ የነደፈው ጂዮ ኦባታ የመጀመሪያዎቹን ተርሚናሎች ግማሽ ክብ አድርጎ ነው የሠራቸው፤ መንገደኛው መኪናውን በክቡ ውስጥ አቁሞ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ አውሮፕላኑ ላይ እንዲወጣ። ማረፊያው የተወለደውም ከሁለት ከተሞች ፉክክር ነው። ዳላስና ፎርት ዎርዝ የየራሳቸውን ይዘው ሲጓተቱ በ1964 የፌዴራሉ የሲቪል አቪዬሽን ቦርድ አንድ የጋራ ማረፊያ ምረጡ አላቸው። በመሐላቸው ባለው ሜዳ ከማንሃተን ደሴት የሚሰፋ ቦታ ተከለለ፤ ጃንዋሪ 13 ቀን 1974 ሥራ ጀመረ።

ግን ደግሞ ካንሳስ ሲቲ አለ። በ1972 የተከፈተው የካንሳስ ሲቲ ማረፊያም ተርሚናሎቹ ክብ ነበሩ፤ ብራኒፍም ይበርበት ነበር። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። አንድ ምልክት ልብን ሲያሞቅ፣ ያንኑ ምልክት የሚሸከም ሌላ ቦታ አለ ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጅቱ ይህን ጠየቀች፤ ለዚህ ነው የማደንቃት።

መልሱን ያገኘችው ከመስኮቱ ግርጌ ነው። ከአውሮፕላኑ በታች፣ ዝቅ ባለ የሲሚንቶ ግንብ መሐል፣ የሳጥን ቅርጽ ያላት ትንሽ ተሽከርካሪ ትታያለች። አውቶቡስ እንዳትባል የሾፌር ቦታ የላትም። አጎትዬው ሲያዩዋት ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ኤርትራንስ ናት» አሉ። «እኔም ስመጣ ተሳፍሬባታለሁ።» ኤርትራንስ ያለ ሾፌር በጎማ የምትሄድ፣ ተርሚናሎቹን የምታገናኝ ባቡር ነበረች። ማረፊያው ሥራ በጀመረበት ዓመት ጀምራ እስከ 2005 አገለገለች። እሷን የተካት ዛሬ በከፍታ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ስካይሊንክ ነው። ካንሳስ ሲቲ እንዲህ ያለ ባቡር አልነበረውም፤ ከተርሚናል ተርሚናል በአውቶቡስ ነበር የሚኬደው።

ስለዚህ ዲኤፍደብሊው ነው። የቱ ተርሚናል? ይህን የተናገረችው ፀሐይ ናት። ብርሃኑ በመስኮቱ ዘልቆ ወለሉ ላይ ረዝሞ ተኝቷል፤ የወጣቱ ጥላ ወደ ፎቶ አንሺው ይመጣል፤ ፊቱም ጠቆር ብሏል። መስኮቱ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያያል ማለት ነው። በዲኤፍደብሊው መሐል ለመሐል ከሰሜን ወደ ደቡብ ኢንተርናሽናል ፓርክዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ያልፋል፤ ተርሚናሎቹ በግራና በቀኙ ናቸው። የብራኒፍ ቤት የነበረው በምዕራብ በኩል ያለው ነው፤ ያኔ ሁለት ምዕራብ ይባል ነበር፣ ዛሬ ተርሚናል ቢ ነው። በሮቹም በአብዛኛው ወደ መጥለቂያ ይመለከታሉ። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው።

የጥላን ነገር ካነሣን አንድ ልጨምርላችሁ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ዳላስ 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥ ደግሞ ዳላስ ውስጥ የሰው የቀትር ጥላ ከቁመቱ አንድ ጊዜ ተኩል ይረዝማል፤ አዲስ አበባ በዚያው ቀን ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። በቀትር የተነሣ ፎቶ ይዞ «አዲስ አበባ ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ጥላውን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ዘመኑ እንሂድ። ብራኒፍ በሜይ 12 ቀን 1982 ሥራ አቆመ። ልጅቱ «እንግዲያው ከዚያ በፊት ነው» ስትል አጎትዬው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ። ከከሰሩ በኋላ አውሮፕላኖቹ እዚያው ሜዳ ላይ ተገትረው ቀርተዋል። የቆመ አውሮፕላንም ፎቶ ይነሣል።»

ትክክል ናቸው። ተመልሰው በማጉያ መስታወት አዩ። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሻንጣ የሚያወጣ ቀበቶ ተዘርግቷል፤ ሁለት ሠራተኞች ሻንጣ ይጭናሉ። እየሠራ ያለ አየር መንገድ ነው። ሠራተኞቹም ወፍራም ጃኬት ለብሰዋል፤ ከማኮብኮቢያው ዳር ያለው ሣር ደርቆ ገለባ መስሏል። ክረምታቸው ነው፣ እኛ በጋ የምንለው ወቅት።

የቀረው የነጩ ቦርሳ ነው። ላዩ ላይ ሦስት ትልልቅ የላቲን ፊደላት አሉ፤ አይ፣ ሲ፣ ኤም። ስደተኞችን በአውሮፕላን የሚያጓጉዘው የመንግሥታት ድርጅት፣ ዛሬ አይኦኤም የምንለው፣ እስከ 1980 ድረስ ስሙ ባለ አራት ፊደል ነበር፤ አይሲኢኤም። ከ1980 እስከ 1989 አይሲኤም ሆነ። ስደተኛው ወረቀቱን፣ ራጁን፣ ያለውን ሁሉ በዚያ ቦርሳ ይዞ ነበር የሚጓዘው፤ በየማረፊያው የሚቀበሉት ሠራተኞችም የሚለዩት በሱ ነው። አሜሪካም የስደተኞችን ሕግ ያወጣችው በማርች 1980 ነው፤ በሱዳን በኩል የወጣው ብዙ ወገናችን የገባው በዚያ ሕግ ነው። እንግዲህ ደምሩት። ቦርሳው ከ1980 ወዲህ ይላል፤ አውሮፕላኑ ከሜይ 1982 በፊት ይላል፤ ጃኬቱና ሣሩ ብርድ ነው ይላሉ። በመሐል ያሉት ክረምቶች ሁለት ብቻ ናቸው።

ቤተሰቡ ይህን ከጨረሰ በኋላ ነው የአባትየውን የወረቀት ማኅደር የከፈተው። የመግቢያ ካርዳቸው ተገኘ። ማኅተሙ ኒው ዮርክ ይላል፣ ዲሴምበር 1981። አጎትየው ስለ መግቢያው እውነታቸውን ነበር፤ ፎቶዋ ግን ከዚያ በኋላ፣ ዳላስ ሲደርሱ የተነሣች ናት።

በዳላስ እንዲህ ያለ ምርመራ አዲስ አይደለም። በኤፕሪል 1963 ከሠራዊቱ በፈቃዱ በለቀቀው ጄኔራል ኤድዊን ዎከር ቤት ላይ ጥይት ተተኮሰ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ በሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ዕቃዎች መሐል የዚያ ቤት ፎቶ ተገኘ፤ ከጓሮ በኩል የተነሣ። ቀኑን የሚናገር ነገር አልነበረውም። ከኋላ ግን በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ይታይ ነበር። መርማሪዎቹ ግንባታው የት እንደደረሰ አይተው ፎቶው በማርች 9 ወይም 10 ሳይነሣ እንዳልቀረ ደረሱበት፤ የዋረን ኮሚሽን ሪፖርትም ይህንኑ መዝግቧል።

በእኛም አገር ይኸው ዘዴ ከባድ ነገር ተሸክሟል። በ2021 መጀመሪያ ላይ ያልታጠቁ ወንዶች ገደል አፋፍ ላይ ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ወጡ። ማን፣ የት፣ መቼ የሚለው ጭቅጭቅ ሆነ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ከቤሊንግካትና ከኒውዚ ጋር ሆነው የተራራውን መስመርና የገደሉን ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩ፤ ቦታው በትግራይ ማኅበረ ዴጎ ከተማ አጠገብ መሆኑን ኤፕሪል 1 ቀን 2021 አሳወቁ። ሰዎቹ የተገደሉበት ተራራ አልተንቀሳቀሰም፤ ስለዚህ «እዚህ አልሆነም» ማለት አልተቻለም። የሞተ ሰው የት እንደሞተ መታወቁ ለቤተሰቡ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በየትኛውም ወገን ያለን ሰዎች ይህን ልንቀበል ይገባናል።

ወደ ፎቶዋ ልመለስና ልጨርስ። ከሁሉ በኋላ ልጅቱ መስኮቱን ራሱን አየችው። መስታወቱ ላይ የብልጭታ ነጥብ አለ፤ ከነጥቡ ጀርባ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጥላ አለ። ፎቶዋን ያነሣችው ሴት ናት። ከሴፕቴምበር 2001 በፊት አሜሪካ ውስጥ ትኬት የሌለው ሰውም ተፈትሾ እስከ አውሮፕላኑ በር ይዘልቅ ነበር። ስለዚህ ያን ወጣት ሊቀበል በሩ ድረስ የመጣ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ስደተኛውን ተረክበው ቤት ከሚያስገቡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዷ ትሆናለች። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ነው ያለቀሱት። «ማንም አልተቀበለኝም ብሎ አያውቅም፤ ግን ማን እንደተቀበለውም ጠይቄው አላውቅም» አሉ። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች እስካሁን አልታወቀም።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ በየቤታችሁ ያለውን አልበም ዛሬ ማታ አውጡት። ሽማግሌዎቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና በየፎቶው ላይ ማን እንደቆመ ብቻ ሳይሆን የት እንደቆመ፣ ማን እንዳነሣው ጠይቁ። የነገሯችሁን በፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ጻፉት፤ እስክሪብቶ ይበላዋል። በ1981 ክረምት በዲኤፍደብሊው የብራኒፍ በር ላይ ነጭ ቦርሳ የያዘ ሐበሻ ወጣት ፎቶ ያነሣች ሴት የምታውቁ ካላችሁም፣ ጋርላንድ ውስጥ ሊያመሰግናት የሚፈልግ ቤተሰብ አለ።