ከሊሙ ገበያ እስከ ፓሪስ ብልቃጥ፦ የውበት ዕቃ ዋጋ ከየት ይመጣል?



ሁለት የፊት ክሬም አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረዋል እንበል። አንዱ በጥቂት መቶ ብር ይሸጣል፣ ሌላው በብዙ ሺህ ብር። ብዙ ወጣት እህቶቻችንና ወንድሞቻችን «ውዱ የተሻለ ይሠራል» ብለው ያምናሉ። ለመግዛት አቅም ሲያጥራቸው ደግሞ ከጓደኛ በታች የሆኑ ይመስላቸዋል። ለመሆኑ ያ ሁሉ ልዩነት የሚከፈለው ለምንድን ነው? መልሱን ለመፈለግ ከራሳችን አገር ታሪክ እንጀምር።

ዝባድ፦ በቀንድ የተጓዘው ሀብት

ጥርኝ ከጅራቱ ሥር ካለ ዕጢ እንደ ቅቤ ያለ ቅባት ያመነጫል። ዝባድ የምንለው ይህንን ነው። እንዳለ ሲያሸቱት ይከረፋል። በጣም ቀጥኖ ከሌላ ሽቶ ጋር ሲቀላቀል ግን ጠረኑ ይለሰልሳል፤ ቶሎ በንኖ የሚጠፋውንም የአበባ ሽታ ይዞ ያቆያል። ሽቶ ቀማሚዎች ለዘመናት የፈለጉት ለዚህ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ አካባቢ ከነበሩት መንግሥታት አንዱ ሊሙ እናርያ ነበር። በንጉሡ በአባ ባጊቦ ዘመን የሳቃ ገበያ የታወቀ የንግድ ማዕከል ሆነ። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በሚሸጥበት በዚያ ገበያ ዝባድም ነበረ። ነጋዴዎች በከብት ቀንድ ውስጥ እያሸጉ በቅፍለት ይጭኑታል፤ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃምና በጎንደር አልፎ ምጽዋ ወደብ ይደርሳል። በዚህ መንገድ የሙስሊም ነጋዴዎች፣ በተለይም የጀበርቲዎች፣ ድርሻ ትልቅ ነበር። ጥርኝ ማርባትም በነጅማ፣ ሊሙና ኢሉባቦር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የሙስሊም ገበሬዎች ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

ሥራው ቀላል አይደለም። እንስሳው ከዱር ይያዛል፣ በእንጨት ጎጆ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሥጋና ገንፎ ይቀለባል፣ ቅባቱም በየጊዜው እየተፋቀ ይጠራቀማል። ጎጆው ጠባብ ነው፤ ፍቁም እንስሳውን ያሠቃየዋል። ይህንንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ለእንስሳ ማዘን በዲናችን ትልቅ ቦታ አለውና።

ፓሪስ ላይ የሆነው

እ.ኤ.አ. በ1921 ሽቶ ቀማሚው ኤርነስት ቦ ለጋብሪኤል ሻኔል «ሻኔል ቁጥር 5»ን አዘጋጀ። ዝባድ ከቅመሞቹ አንዱ ነበር። የዓለምን የዝባድ ገበያ በዋናነት ትመግብ የነበረችውም ኢትዮጵያ ናት። ያ ብልቃጥ የሀብታም ሴት ምልክት ሆነ። ጥርኝ አርቢው ገበሬ ግን ስሙ በማሸጊያው ላይ አልተጻፈም፤ ከብልቃጡ ዋጋ የሚደርሰውም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ለዚያው ሽቶ ልዩ ጠረን ከሰጡት ነገሮች መካከል ደግሞ አልዲሃይድ የሚባሉ፣ በላቦራቶሪ የተሠሩ ኬሚካሎች ነበሩ። ስለዚህ ውድ የሆነ ሁሉ ብርቅ የተፈጥሮ ቅመም ብቻ ነው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ለዝባድ ጠረኑን የሚሰጠው «ሲቬቶን» እንዴት እንደተዋቀረ አወቀ። በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ የዝባድን ጠረን ያለ ጥርኝ መሥራት ተቻለ። የሻኔል ድርጅትም ከ1998 ጀምሮ የተፈጥሮውን ዝባድ በሰው ሠራሽ መተካቱን ይናገራል። ቅመሙ ተለወጠ፤ ሽቶው ግን እስከ ዛሬ የቅንጦት ዕቃ ነው። ታዲያ ገዢው የሚከፍለው ለቅመሙ ነው ወይስ ለስሙ?

የአል-ኪንዲ ምትክ

ውድ ነገርን በርካሽ መተካት የቲክቶክ ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ካለ ወደ ባግዳድ ይመልከት። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቁ አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ቅመማና ስለ ማንጠር በጻፈው መጽሐፍ ከመቶ በላይ አሠራሮችን አሰባስቧል። ከእነሱ ውስጥ እንደ ሚስክ ያሉ ውድ ነገሮችን አስመስሎ መሥራትን የሚያሳዩም አሉ። ይህ ዕውቀት ሁለት ፊት አለው። አስመስሎ የሠራውን «ዋናው ነው» ብሎ የሚሸጥ ያጭበረብራል። «ምትክ ነው፣ ዋጋው ይህ ነው» ብሎ የሚሸጥ ግን ለድሃውም በር ይከፍታል።

አንድ የበግ ሱፍ፣ ሁለት ዋጋ

ወደ ፊት ክሬሙ እንመለስ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሄለና ሩቢንስታይን አውስትራሊያ ውስጥ ክሬም መሸጥ ጀመረች። ከክሬሙ ዋና ግብአቶች አንዱ ላኖሊን፣ ማለትም ከበግ ሱፍ የሚወጣ ቅባት ነበር። የበጉን ሽታ በላቬንደርና በመሳሰሉት ሸፍና፣ ለክሬሙ የሩቅ አገር ታሪክ ሰጥታ በውድ ሸጠችው፤ በዓለም ካሉ ባለጸጋ ሴቶችም አንዷ ሆነች።

በ1911 ደግሞ ጀርመን ውስጥ የባየርስዶርፍ ድርጅት ከዚያው ከሱፍ ቅባት በወጣ ውሃና ዘይትን በሚያዋህድ ነገር አማካይነት ኒቪያን ሠራ። እሱ ለተራው ሰው የተሸጠ ክሬም ነው። መነሻው ያው በግ ነው፤ የተለያየው ዋጋውና የተነገረለት ታሪክ ነው።

ርካሽ ሁሉስ?

ይህ ማለት ግን ርካሽ የሆነ ሁሉ ይገዛ ማለት አይደለም። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት የቆዳ ማንጫ ክሬም ባዜቃ (ሜርኩሪ) ሊኖረው ይችላል። ባዜቃ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት መጠኑ ከሚሊዮን አንድ እጅ የሚበልጥ ባዜቃ ያለበት የመዋቢያ ምርት እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረት፣ ወደ አገር እንዳይገባና ወደ ውጭ እንዳይላክ የወሰነውም ለዚህ ነው። በሽያጭ ከሚገኙ አንዳንድ ኩሎችም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ተገኝቷል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውስጡ ምን አለ?

መዋብ በራሱ ነውር አይደለም። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር መውደዱ ኩራት እንደሆነ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነሳላቸው፣ ኩራት ማለት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስተምረዋል። እህቴ፣ ወንድሜ፣ በአቅምሽና በአቅምህ ንጹሕና ጤናማ የሆነውን መምረጥ ማነስ አይደለም። የሚያሳንሰው ጓደኛን በብልቃጡ ስም መመዘን ነው። ነገ ሱቅ ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ ከማሸጊያው ጀርባ ባለው ጽሑፍ ላይ ይረፍ፤ ከፊት ያለው ስም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።