ከመርሐ ቤቴ እስከ ኮቤ



ከለሚ አፋፍ ቆመን የጀማን ሸለቆ አሻግረን ስናይ ማዶ የሚታየን የመርሐ ቤቴ አገር ነው። እዚያ ማዶ፣ ደን በሚባለው ቦታ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ተወለዱ። እኛ ተራ ጸሐፊ የነበርን ሰዎች ነን፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም የጎረቤታችንን ታሪክ ማንሳት ተገቢ መስሎ ታየን።

ጃፓን በ1897 ዓ.ም. ሩስያን በጦርነት ካሸነፈች ወዲህ ስሟ በአገራችን ገንኖ ነበር። በኅዳር 1923 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የወጣው ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኑን አብነት አድርጎ ነው የተጻፈው። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ አቶ ተፈሪ ገብረ ማርያምን፣ ልጅ አርአያ አበበንና አቶ ዳባ ብሩን አስከትለው ተነሡ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ሳምንታት ተጉዘው ኮቤ ወደብ ወረዱ።

ኮቤ ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር ያላት ከተማ ናት። ለውጭ ንግድ የተከፈተችው በ1860 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቆላና ደጋ ለለመደ የመርሐ ቤቴ ልጅ ያ ሁሉ መርከብ ምን መስሎ ታይቶት ይሆን? ጎረቤቷ ኦሳካ ደግሞ የጥጥ ፋብሪካ አገር ነበረች፤ በዚያን ዘመን ገበያችንን የሞላው የጃፓን አቡጀዲ ነበር። ቶኪዮም ገብተው ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ጋር ተገናኙ። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ፤ በኋላም ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ።

ታዲያ ወዳጅነቱ አልጸናም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ስትወረን ጃፓን አልደረሰችልንም፤ በ1929 ዓ.ም. ጭራሽ የወራሪውን ግዛት አወቀች። ብላቴን ጌታም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ዐረፉ። እዚያው ተቀበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቀብራቸው ላይ ንግግር አደረጉ። ከነጻነት በኋላ ግን ዐፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

ይህን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። የእድራችን ደንብ በሰው አገር ስለሚሞት አባል አንድም ቃል የለውም። ልጆቻችን ዛሬ ወደ ዐረብ አገርም፣ ወደ ሌላውም እየሄዱ ነው። ሚኒስትሩን መንግሥት መለሳቸው፤ የእኛን ልጅ ግን ማን ይመልሰዋል? በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አሳባችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ እንለምናለን።